ርካሽ ግን ለከባድ ሥራ የሚሆን ቢላ እንዴት ይመረጣል?

ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ለገጣፎ ግቢ ያለው ሰው «ቢላ ያስፈልገኛል» ሲል የሽንኩርት መክተፊያ ማለቱ አይደለም። የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ የሚመለምል፣ ጭራሮ የሚሰነጥቅ፣ የአጥር ችካል የሚያሾል፣ በዓል ሲመጣ በግ የሚበልት ቢላ ነው የሚፈልገው። ጠንካራ፣ የማይታጠፍ፣ ዋጋውም ኪስ የማይጎዳ።

እንዲህ ያለ ቢላ ይገኛል። በትንሽ ገንዘብ ተገዝቶ ዓመታት የሚያገለግል አለ። ችግሩ ጥሩውና መናኛው አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ይበልጥ የሚያብረቀርቀው መናኛው ነው። ገዢ ውፍረቱን፣ ክብደቱንና ብልጭታውን አይቶ ይከፍላል። የቢላን ዋጋ የሚወስኑት ግን ሁለት የተደበቁ ነገሮች ናቸው። አንዱ ብረቱ ሲሠራ እንዴት እንደጋለና እንዴት እንደቀዘቀዘ ነው። ሌላው እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለማወቅ የሚረዳ ነው።

1. መጀመሪያ ሥራውን ለዩ

አንድ ቢላ ሁሉንም አይሠራም። ሥጋ የሚበልት ቢላ ቀጭን ይሁን፤ ጀርባው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። እንጨት የሚሰነጥቅ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። የምትገዙት አንድ ብቻ ከሆነ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ስለቱም ከ12 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ይሻላል። አጥንት መከስከስ ግን ለመጥረቢያ ተዉት።

ውፍረትን ከጥንካሬ ጋር አታምታቱ። ገጀራን እዩ። አብዛኛው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ቁጥቋጦ ሲጥል ይውላል። ስዊድን ውስጥ ሞራ በምትባል ከተማ የሚሠሩት ቢላዎችም አብዛኞቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከ1891 ጀምሮ ይሠራሉ፤ በዓለም ላይ ርካሽና ጥሩ ቢላ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ስማቸውን ያገኙት በውፍረት አይደለም። ብረቱን በእሳት ሲሠሩ ስለሚጠነቀቁ ነው። ሻጩ «ውፍረቱን እየው እንጂ!» ቢላችሁ እዩለት፤ ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ግቡ።

2. ስለቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ግን አትመኑት

«ስቴይንለስ ስቲል» ወይም «ኢኖክስ» የሚለው ጽሑፍ የሚነግራችሁ ብረቱ ቶሎ እንደማይዝግ ብቻ ነው። ስለት ይይዛል ወይ ለሚለው መልስ የለውም። «የቀዶ ሕክምና ብረት» የሚለው ደግሞ ምንም አይነግራችሁም።

ቁጥር ያለበት ግን ይጠቅማል። የቻይና ቢላዎች ላይ «3 ሲ አር 13»፣ «5 ሲ አር 15» ወይም «8 ሲ አር 13» የሚል ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር የካርቦኑን መጠን ያሳያል፦ 3 ማለት 0.3 በመቶ ገደማ፣ 5 ማለት 0.5፣ 8 ማለት 0.8 ነው። የኋለኛው የክሮሚየሙ በመቶ ነው። ካርቦን ብረትን የሚያጠነክር ነው። ክሮሚየም ዝገትን የሚከላከል ነው። ባለ 3ቱ ለወጥ ቤት ይሆናል፤ እንጨት ላይ ግን ቶሎ ይደንዛል። ባለ 5ቱ መካከለኛ ነው። ባለ 8ቱን በርካሽ ካገኛችሁ ጥሩ ገበያ ነው። «1095» የሚል ቢላ ደግሞ 0.95 በመቶ ካርቦን ያለው ነው፤ ጥሩ ስለት ይይዛል፣ ካልተንከባከባችሁት ግን ይዝጋል።

ለከባድ ሥራ እኔ የምመርጠው ይህን የሚዝገውን ነው። ዝገት በጨርቅና በዘይት ይከለከላል። ለስላሳ ብረትን ግን ምንም ብታደርጉት ጠንካራ አይሆንላችሁም።

ማግኔት ካላችሁ ያዙ። «ስቴይንለስ በማግኔት አይሳብም» የሚባለው ለቢላ አይሠራም። በእሳት ሊጠነክር የሚችለው የቢላ ስቴይንለስ በማግኔት ይሳባል። የማይሳበው እንደ ብዙ ማንኪያዎችና ድስቶች ያለው ዓይነት ነው። እሱ በእሳት አይጠነክርም። ስለዚህ ማግኔቱ እንቢ ካለ ቢላውን መልሱት።

ጽሑፉ ውሸት ሊሆን እንደሚችል አትርሱ። ቁጥር ማተም ርካሽ ነው። «ኦሪጅናል ነው፣ የጀርመን ነው» ማለት ደግሞ ምንም አያስወጣም። ለዚህ ነው የሚቀጥሉት እርምጃዎች የሚያስፈልጉት።

3. እጀታው ላይ ጊዜ ውሰዱ

ርካሽ ቢላ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ስለቱ መሐል አይደለም። እጀታውና ስለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ያ ቦታ በእያንዳንዱ ምት ጉልበቱን ሁሉ ይሸከማል። ሲሰበር ደግሞ ስለቱ ወዴት እንደሚበር አይታወቅም። እዚህ ላይ ሻጩ ቢያጉረመርምም አትቸኩሉ።

መጀመሪያ የእጀታውን ዙሪያ እዩ። ብረቱ ከስለቱ ተነስቶ እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ፣ በሁለት እንጨት ወይም ፕላስቲክ መሐል ቁልጭ ብሎ ከታየ ጭራው ሙሉ ነው። ለከባድ ሥራ አስተማማኙ ይህ ነው። ምንም ካልታየ ጭራው ተደብቋል ማለት ነው። የተደበቀ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ከላይ የጠቀስኳቸው የሞራ ቢላዎች ብዙዎቹ የተደበቀ ጭራ ነው ያላቸው። የሚያሰጋው ርካሽ አምራች ስለቱን ቆርጦ መጨረሻው ላይ ቀጭን የብረት ዘንግ በይዶ ፕላስቲክ ውስጥ ሲሸጉጠው ነው። ከውጭ አታዩትም። ስለዚህ የማታውቁት ምልክት ያለው፣ ወፍራም ስለትና ክብ ፕላስቲክ እጀታ ያለው ቢላ ሲቀርብላችሁ ለእንጨት ሥራ አትግዙት።

እጀታው መውጫ ላይ ብርሃን አብሩ፤ የስልካችሁ መብራት ይበቃል። የብየዳ ጉብታ ወይም የመሞረድ ምልክት ካያችሁ ተዉት። ስለቱ ወደ ጭራው ሲጠብም ማዕዘኑን እዩ። በቀጥታ 90 ዲግሪ የተቆረጠ ማዕዘን ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ክብ ተደርጎ የታጠፈ ከሆነ ሠሪው የሚያውቅ ሰው ነው።

ከዚያ ሪቬቶቹን፣ ማለትም እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙትን ችንካሮች፣ ቁጠሩ። ሁለት የግድ ነው፤ ሦስት ይሻላል። በጣታችሁ ዳስሱ፤ የሚቆረቁር፣ የሚንቀሳቀስ ወይም ዙሪያው ክፍተት ያለው ካለ ውሃና ደም ይገባበታል፣ ከውስጥም ይዝጋል። እጀታውን ይዛችሁ ጀርባውን በጣት ጥፍር መታ መታ አድርጉ። ንጹሕ ድምፅ ጥሩ ነው። ንዝረት የቀላቀለ፣ የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁ ግን የላላ ነገር አለ።

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ልበል። ወይራ ከሁሉ ይበልጣል። ባህር ዛፍ በደንብ ካልደረቀ ይሰነጠቃል፤ ገና እርጥብ ሳለ እጀታ ተደርጎ የተሸጠ ከሆነ በበጋ ሪቬቱ ላይ ሲለቅ ታገኙታላችሁ። በእርጥብ እጃችሁ ጨብጡት። ሊያመልጣችሁ ከፈለገ ደም በነካ እጅም ያመልጣል።

4. ስለቱን በብርሃን ፊት እዩ

አናጢ ጣውላ እንደሚያየው አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከእጀታው ወደ ጫፉ ተመልከቱ። ስለቱ የተጣመመ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሲሠራ በእሳት ተጎድቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ አፉን ወደ መብራት አዙሩ። የተሳለ አፍ ብርሃን አይመልስም። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካያችሁ እዚያ ላይ ደንዟል ወይም ተሸርፏል። እሱ ችግር የለውም፣ ይሳላል። የሚያሳስበው ስለቱ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ካለ ነው። በግራይንደር ሲሳል ከመጠን በላይ ግሏል፤ ያ ክፍል ጥንካሬውን አጥቷል። ብረት 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው እንዲህ ሰማያዊ የሚሆነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ ቢላ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። ስለዚህ ቀለም ለተቀባ ቢላ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

5. ሞረድ ይናገር

ብዙ ሰው የማይሞክረው፣ ግን ከሁሉ የሚታመነው ፈተና ይህ ነው። ትንሽ ጥሩ ሞረድ ያስፈልጋል። የብረት ጥንካሬ ሮክዌል ሲ በሚባል መለኪያ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ጥሩ ሞረድ ከ60 በላይ ነው። ለከባድ ሥራ የሚሆን ቢላ ከ54 እስከ 58 ቢሆን ጥሩ ነው። ስለዚህ ሞረዱ ቢላውን በትንሹ መብላት አለበት፤ ግን እያቅማማ።

መጀመሪያ እጃችሁን አለማምዱ። ምስማር ወይም ቁራጭ ፌሮ ላይ ሞረዱን ግፉ፤ ሳይለፋ ሲበላ ይሰማችኋል። ከዚያ የምታምኑት አሮጌ ቢላ ላይ ሞክሩ። ልዩነቱን እጃችሁ ይይዘዋል። አሁን አዲሱን ቢላ ለእጀታው ቅርብ በሆነ፣ በማይታይ የስለት ጥግ ላይ በቀስታ ሞርዱት።

እንደ ምስማሩ ቶሎ ከበላ ለስላሳ ነው። እንጨት ላይ ወዲያው ይደንዛል። ሞረዱ ሸርተት ካለና ጨርሶ ካልያዘ በጣም ጠንካራ ነው። ለሥጋ ቢሆን ደስ ይላል፤ አንጓ ያለው ደረቅ ባህር ዛፍ ላይ ግን ይሸረፋል። በመጠኑ እየተቃወመ ትንሽ ዱቄት ከሰጠ የምትፈልጉት እሱ ነው። መጀመሪያ በልቶ ከዚያ መቃወም ከጀመረ አትደንግጡ። በእሳት ሲሠራ የላይኛው ስስ ሽፋን ካርቦኑን ስለሚያጣ ነው፤ ከሥሩ ያለው ነው ቁም ነገሩ።

ሻጩ እንዲህ ማድረግ ላይፈቅድ ይችላል። መብቱ ነው። ቀድማችሁ ጠይቁ፦ «ወንድሜ፣ እዚህ ጥግ ላይ ትንሽ ልሞክረው? ጥሩ ከሆነ እወስደዋለሁ።» ዕቃውን የሚያምን ሰው ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። እንቢ ካለ አንድ ብቻ ግዙና ቤት ሞክሩት። ከተመቻችሁ ለጎረቤትም ሌላ ትገዛላችሁ።

6. ከቀጥቃጭ የምትገዙ ከሆነ

እንጦጦ ዙሪያም ሆነ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ጥሩ ቢላ የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ። በዋጋና በጥራት ሚዛን ብዙ ጊዜ የተሻለው ምርጫ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ሠሪውን ፊት ለፊት መጠየቅ ትችላላችሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ብረቱ ምን ነበር?» የመኪና ባሌስትራ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ባሌስትራ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው የስፕሪንግ ብረት ነው፤ በእሳት ይጠነክራል፣ ምትም ይችላል። ፌሮ ወይም ላሜራ ከሆነ ግን አትግዙ። ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ የፈለገውን ያህል ቢግልና ቢነከር ስለት የሚይዝ ቢላ አይወጣውም። መልሱ ካላረካችሁና ግራይንደር ካለ፣ ከተረፈው ቁራጭ ትንሽ እንዲያስነኩ ጠይቋቸው። ካርቦን የበዛበት ብረት ፍንጣሪው ጫፉ ላይ እየፈነዳ፣ እየተከፋፈለ ይበተናል። የፌሮ ፍንጣሪ ረዘም ያለ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ብዙም አይከፋፈልም። መነጽር ወይም ርቀት ግን የግድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ «አግለው በምን ይነክሩታል? ከዚያስ መልሰው ያሞቁታል?» እዚህ ላይ ነው ባለሙያ የሚለየው። ብረቱ ከ800 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ በዚህ ሙቀት ማግኔት አይስበውም፣ አዋቂ ቀጥቃጭ ግን በቀለሙ ይለየዋል። ከዚያ ዘይት ውስጥ ይነከራል። በዚያ ሰዓት በጣም ጠንካራ ነው፤ ግን ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እንደገና ቀስ ብሎ 200 ዲግሪ አካባቢ መሞቅ አለበት፤ የተወለወለው ብረት የገለባ ቀለም እስኪይዝ። ይህን ሁለተኛ ሙቀት የሚዘልል ሠሪ የሚያምር፣ ስለታም፣ ግን የሚሰበር ቢላ ይሰጣችኋል። መልሳቸው «ከነከርኩት በኋላ እንደገና አሞቀዋለሁ» ከሆነ ዋጋ ላይ ብዙ አትከራከሩ። ያ ሙያ ገንዘብ ይገባዋል።

አንዳንዱ ደግሞ ባሌስትራውን ሳያግል በግራይንደር ቆርጦ ብቻ ይሠራል። እሱም ይሆናል። ብረቱ የመኪናውን ስፕሪንግነት እንደያዘ ይቆያል፤ ስለቱ ቶሎ ቶሎ መሳል ይፈልጋል እንጂ አይሰበርም። ለገጀራ ጥሩ ነው። ብቻ ሲቆረጥ ጠርዙ ሰማያዊ እንዳልሆነ እዩ። ባሌስትራው ተሰብሮ የተጣለ ከነበረም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል፣ ከስብራቱ ርቆ የተቆረጠ መሆኑን ጠይቁ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ የተነከረን ቢላ ሥጋ ከማስነካታችሁ በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ላዩንም በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት።

7. ቤት ወስዳችሁ ፈትኑት

መጀመሪያ ሳሉት። ርካሽ ቢላ ከሱቅ ሲወጣ ጥሩ ስለት የለውም፤ በዚህ አትፍረዱበት። ለከባድ ሥራ በእያንዳንዱ ወገን 22 ዲግሪ ገደማ ጥሩ ነው። መለኪያ አያስፈልግም። የወረቀት ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው፤ አንዴ እጠፉት 45፣ ሁለተኛ እጠፉት 22.5 ይሆናል። እሱን ድንጋዩ አጠገብ አድርጋችሁ ቢላውን በዚያ ልክ ያዙ። በዓል ሲደርስ ሰፈር የሚዞሩ ቢላ የሚስሉ ልጆች ካሠራችሁ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ እንዲነክሩት ንገሯቸው። ስለቱ ደረቅ ድንጋይ ላይ ከተቃጠለ በአንድ ደቂቃ ጥንካሬውን ያጣል።

ወረቀት በንጽሕና ሲቆርጥ ወደ እንጨት ሂዱ። አውራ ጣት የሚያክል ደረቅ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ግንድ ላይ አስደግፋችሁ ደጋግማችሁ ምቱ። ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ ከፊታችሁና ከጎናችሁ አይቁም። ከዚያ ስለቱን በብርሃን ፊት እዩ፤ ጥጥም በቀስታ አስኪዱበት። ጥጡ ከተያዘ ተሸርፏል። አፉ ወደ አንድ ወገን ከተጠቀለለ ለስላሳ ነው። ምንም ካልሆነና አሁንም ወረቀት ከቆረጠ ጥሩ ቢላ ገዝታችኋል።

ትንሽ ቢሸረፍ ወዲያው አትጣሉት። ፋብሪካው ሲስለው ጫፉን አቃጥሎት ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳሉት፤ አዲስ ብረት ይወጣል። ከዚያ በኋላም ከተሸረፈ ጥፋቱ የብረቱ ነው።

እንጨት ለመሰንጠቅ ጀርባውን የምትመቱ ከሆነ በእንጨት ብቻ ምቱ። መዶሻ የትኛውንም ቢላ ሊሰብር ይችላል።

8. ዋጋውን በዕድሜው አስሉት

ለምሳሌ አንዱ 400 ብር፣ ሌላው 900 ብር ነው እንበል። ባለ 400ው በየሳምንቱ መሳል ይፈልጋል፣ እጀታውም በዓመቱ ይላላል። ባለ 900ው አምስት ዓመት ይሠራል። በዓመት ሲሰላ የመጀመሪያው 400፣ ሁለተኛው 180 ብር ነው። ርካሹ የትኛው እንደሆነ ይታያችኋል። ሒሳቡ ውስጥ የመሳያ ድንጋዩንም ጨምሩ። ጥሩ ድንጋይ ያለው መካከለኛ ቢላ፣ ድንጋይ ከሌለው ውድ ቢላ ይበልጣል። ብራችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ከቢላው ቀንሱና ድንጋዩን ግዙ።

ከተወሰነ ዋጋ በላይ የምትከፍሉት ለሳጥኑ፣ ለውበቱና ለስሙ ነው። ሙሉ ጭራ፣ በትክክል የነገረ ሞረድ፣ የማይላላ እጀታ ካገኛችሁ ከዚያ በላይ አትጨምሩ።

9. ክረምቱን ማሳለፍ

ከሰኔ እስከ መስከረም የእንጦጦና የሱሉልታ እርጥበት ካርቦን ብረትን በአንድ ሌሊት ያዝጋል። ከተጠቀማችሁ በኋላ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ስስ ዘይት ቀቡ። ሥጋ ለማይነካ ቢላ የስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ነው። ሥጋ ለሚነካው ትንሽ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ መልሳችሁ ጥረጉ። የኑግና የተልባ ዘይት ስለቱ ላይ አትቀቡ፤ ሲደርቅ ይጣበቃል። ተልባው ግን ለእንጨት እጀታ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ ለጥቂት ቀናት ተዉት።

ሽንኩርትና ሥጋ ካርቦን ብረትን ግራጫ ያደርጉታል። ያ ዝገት አይደለም፤ እንዲያውም ይጠብቀዋል። በብርጭቆ ወረቀት አታጥፉት። ቀይ ከሆነ ግን ያኔውኑ አጽዱ።

ታክሲ ላይ ስትሳፈሩ ስለቱን በካርቶን ጠቅልላችሁ ከቦርሳ ውስጥ አድርጉት። ቤት ደግሞ የቆዳ አፎት ውስጥ አታሳድሩት። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ ከተለፋበት ጨውም ይቀርበታል። አፎቱ ለመንገድ ነው፤ ቢላው ደረቅ ግድግዳ ላይ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ይሰቀል።